ድንኳን ከመተከሉ በፊት

ጳጉሜን 5 ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የሚታሰብበት ዓለም አቀፍ ቀን ነው። በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር የእኛን የዘመን መለወጫ ዋዜማ ማን አስቦት! በዚያን ቀን ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ብቸናም ሞጣም በግ ይጎተታል፣ ቄጠማ ይሸጣል፣ ስለዚህ ዓይነት ሞት የሚያወራ ቢገኝ «በዓመት በዓል ምን ነካህ» ይባላል። ሰኔ 19 የሚውለው የአደንዛዥ ዕፅ መከላከያ ቀን እንኳ ቢያንስ ባነር ያገኛል። ባነር፣ ካናቴራ፣ ሁለት ንግግር፣ ለስላሳ። ካናቴራውን የለበሰው ወጣት ሲመሽ የት እንደሚያመራ ተናጋሪውም ያውቃል።

ከእነማይ ወይም ከሁለት እጁ እነሴ ገጠር ቀበሌ የወጣ ልጅ እንዴት እንደሚማር የአካባቢው ሰው አይጠፋውም። ከተማ ገብቶ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ይከራያል፣ እናቱ በገበያ ቀን ስንቅ ትልክለታለች፣ አባቱ እህል ሲያልቅ ከብት ይሸጣል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሆነውን አገር ያውቀዋል። በመጀመሪያው ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 27,267ቱ ብቻ፣ ማለትም 3.2 በመቶ። ኩረጃ መቅረቱን ደግፌያለሁ፣ አሁንም እደግፋለሁ። ግን ያልተሳካለት ልጅ ማታ የት ይገባል ብሎ የጠየቀ መሥሪያ ቤት አላየሁም። ወደ ሞፈሩ ለመመለስ ያፍራል፤ መሬቱም ለታላቅ ወንድሙ አልበቃም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ፈተና የመውደቅ ዕድል እንኳ ያላገኘ ተጨመረበት።

ፈተና መውደቅ ሰው ይገድላል ማለቴ አይደለም። ራስን ማጥፋት በአንድ ምክንያት አይመጣም፤ ድባቴ፣ መጠጥ፣ የቤት ጠብ፣ ዕዳ፣ ኀፍረት ይደራረባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ720 ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚሞት፣ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድም ሦስተኛው የሞት ምክንያት መሆኑን ይናገራል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ከመሞታቸው በፊት በአንድ ሰው ፊት አልፈዋል፤ ያ ሰው ምን ማለት እንዳለበት ቢያውቅ ኖሮ የሚለው ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ከሚደራረቡት አንዱ መጠጥ ነውና ወደ አረቄው እንምጣ። ጎጃም ውስጥ ስለ መጠጥ ሲወራ ሁሉም ጣቱን ወደ ሻጯ ይቀስራል። ሻጯ ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታት፣ ልጆቿን በዳጉሳና በጌሾ ያስተማረች ሴት ናት። ጭሱ ዓይኗን ያበላሸዋል፣ አተላው የጎረቤት በሬ ያደልባል፣ ትርፉ የቤት ኪራይ ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን በመለኪያ የምትቀዳ ሴት መታወቂያ አትጠይቅም፤ ብትጠይቅም ልጁ ቀጣዩ ቤት ይገባል። እሷን የሚያስፈራራ ፕሮግራም ከሳምንት በላይ አይቆይም። እሷን የሚያማክር ግን ሌላ ነው። የትኛው ልጅ ከጠዋት እንደሚመጣ፣ የትኛው ብቻውን እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ሰሞኑን ዕቃውን ለጓደኞቹ እያደለ እንደሆነ ከእሷ ቀድሞ የሚያይ የለም። የጫት ቤቱም ባለቤት እንዲሁ። ሠርግና ክርስትና ላይ ጠላ ለሕፃን ጭምር የምንቀዳ ሰዎች እሷን ብቻ መውቀሳችን ደግሞ ደስ አይለኝም።

እኔ ተስፋ የምጥለው እድር ላይ ነው። እድር ከሞት በኋላ መምጣት ልማዱ ነው፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ ንፍሮ። ግን አንድ ጊዜ ቀድሞ መጥቶ ያውቃል። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ ሰው ሲጨርስ፣ ለቀስተኛው «ሳንባ ነው»፣ «ምች ነው» እየተባለ ሲሸኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባልና ወላጁን ላጣ ልጅ ገንዘብ መደቡ። በቡና ላይ ውይይት ተጀመረ፣ ትምህርት ቤቶች ፀረ ኤድስ ክበብና ሚኒ ሚዲያ አቋቋሙ። በጥር 1997 መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ስለ በሽታው መናገር የለመደ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ዛሬ ራሱን ያጠፋ ልጅ ለቅሶ ላይ «በድንገት ነው» ሲባል ያንን ዘመን አስታውሳለሁ።

የብቸና ወይም የሞጣ እድር ዳኛ ምን ያድርግ ቢባል ብዙ አልጠይቅም። እድሩ የእያንዳንዱን በር ያውቃል፤ ጥሩምባ ነፊው በሌሊት ዞሮታል። ከአባላቱ መካከል የሚታመኑ፣ ወሬ የማያመላልሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ይመረጡ፣ አንዷ ሴት ትሁን፣ አንዱ ወጣት ይሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታሠልጥናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ16 ፓኬጆች ነበር የተጀመረው፤ ኋላ 18 ሲሆኑ የአእምሮ ጤናም ገብቷል፣ ስለዚህ ሥራው ከእሷ ድርሻ ውጭ አይደለም። ጤና ጣቢያ ድረስ ሸኝቶ ማስገባትም ከእድር አቅም በላይ አይደለም። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው የአእምሮ ሕሙማንን እዚያው አክመዋል። አዲስ አበባ፣ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ መምጣት የግድ አልሆነም።

ሥልጠናው ውስጥ አንድ ነገር እንዳይቀር፦ መጠየቅ። «ራስህን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ የሚናገረው ነው። እኛ ግን «ሟርት» እንለዋለን። ጠያቂው መልስ ይዞ መሄድ የለበትም፤ መስማት፣ ብቻውን አለመተው፣ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

በየቤቱ ጥግ የሚቀመጥ የእርሻና የእህል መድኃኒት ደግሞ የሚቆለፍበት ሣጥን ይፈልጋል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስሪላንካ አደገኛ የሆኑትን የእርሻ መድኃኒቶች አንድ በአንድ ከገበያ አውጥታ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1995 ወዲህ ባሉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ራስን ማጥፋትን በ70 በመቶ ገደማ ቀንሳለች። የሰው ጭንቀት በአዋጅ አልጠፋም፤ የጨለመችውን ሰዓት ግን ብዙ ሰው አለፋት። ጤፍ አምራች አገር ይህን ቢያስብበት የሚከፋ አይመስለኝም።

የንስሐ አባቱን ሳላነሣ ባልፍ የጎጃም ሰው ይታዘበኛል። በዚህ መንገድ ለሞተ ፍትሐት አይደረግም የሚለው ሥርዓት ሰውን ያስፈራል፤ ቤተሰቡንም ዝም ያሰኛል። አእምሮው ታውኮ የሞተ በተለየ ዓይን እንደሚታይ የሚያስተምሩ ሊቃውንት አሉ፤ ምእመኑ ግን ይህን የሚሰማው ከለቅሶ በኋላ ነው፣ ከሰማም። ካህኑ በጾም ሳምንት አንድ ስብከት ቢሰጥበት፣ ሞጣ ላይም ኢማሙ ከጁምዓ በኋላ ቢያነሣው፣ ልጁ ለመናገር ፈቃድ ያገኛል።

«በዚህ ጊዜ ማን ይሰበሰባል?» የሚለኝ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ዛሬ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወጣት ሰብስቦ ማወያየት ከሁሉም ወገን ያስጠረጥራል፣ የወጣት ማእከል በርም እንደ ወትሮው አይከፈትም። እድር ግን መሰብሰቡን አላቆመም፤ ሬሳ አይቆይምና። መዋጮ በሚሰበሰብበት በሚቀጥለው እሑድ፣ ገንዘብ ያዡ ሒሳቡን ካነበበ በኋላ፣ ስለ ደንቡ ማሻሻያ የግማሽ ሰዓት አጀንዳ ይያዝ። የአረቄ ሻጯም ብዙ ጊዜ የእድሩ አባል ናትና ከፊት ትቀመጥ።