አንድ ጊዜ ሰምቶ መፍረድ ይብቃ!

«ሰማነው፤ ጫጫታ ነው።» በኪነት ምዘና አዳራሾች፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍሎችና በባህል ጉዳይ ስብሰባዎች አንድ ከባድ የሙዚቃ ሥራ ሲቀርብ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህች ዓረፍተ ነገር አያልፍም። ፈራጁ ሥራውን የሰማው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም እስከ ግማሹ፣ ያውም ከጎኑ ከተቀመጠው ባልደረባው ጋር እያወጋ። ይህ ልማድ ሒስ ሊባል አይችልም። የጆሮ ስንፍና ነው፤ ስንፍና ደግሞ ማኅተምና ፊርማ ሲይዝ የሰው ልፋት ያጠፋል።

ሌላውን ከመንቀፌ በፊት ግለ ሒስ ላድርግ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከፋ ዞን ወጣት ቡድኖችን ይመዝን በነበረ አንድ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አራት የቦንጋ ልጆች በተዋሱት ጊታርና ድራም አንድ ረዥም ሥራ አቀረቡ። ምቱ በየመካከሉ የሚሰበር፣ ጭብጨባችንን የሚያስት ነበር። እኛም በቅጹ ላይ «ምት መጠበቅ አይችሉም» ብለን ጻፍን፤ እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ። ከልጆቹ አንዱ ከአዳራሹ ሲወጣ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አልተሳሳትንም፤ የምንቆጥረው ሰባት ነው» አለኝ። ሰባት መቁጠር ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን አልጠየቅሁትም።

የገባኝ በኋላ ነው። ልጆቹ የሚያጠኑት ቱል የተባለው የአሜሪካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣውን «ላተራለስ» የተሰኘ አልበም መሆኑን ሰማሁና ፈልጌ አገኘሁት። ፕሮግረሲቭ ሜታል ከሚባለው ወገን ነው፤ ይኸውም የከባድ ሮክን ጩኸት ከረዥም ድርሰትና ከሚለዋወጥ ምት ጋር የሚያጣምር የሙዚቃ ዓይነት ነው። ርዝመቱ ወደ 79 ደቂቃ ይጠጋል። በመጀመሪያው ቀን ገና ሩቡ ላይ ስደርስ ዘጋሁት። የቦንጋ ክረምት ማታ ከቤት አያስወጣምና ከሳምንታት በኋላ ደግሜ ከፈትኩት። በሦስተኛው ጊዜ ከጊታሩ ጩኸት ሥር ቤዝ ጊታሩ የራሱን ዜማ ይዞ እንደሚሄድ ሰማሁ። በአምስተኛው ጊዜ የአልበሙን ስም በያዘው ዘፈን አዝማች ላይ በጣቴ ስቆጥር ዘጠኝ አገኘሁ፤ ቀጥሎ ስምንት፤ ቀጥሎ ሰባት፤ ከዚያም እንደገና ዘጠኝ። የተሰናከለ የመሰለኝ ምት ለካስ ሆን ተብሎ እያጠረ የሚወርድ ደረጃ ኖሯል! በዚሁ ዘፈን ድምፃዊው የሚያወጣቸው ቀለማት ደግሞ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት እያሉ ይጨምራሉ፤ የሒሳብ መምህራን የፊቦናቺ ቁጥሮች የሚሏቸው ናቸው፤ እያንዳንዱ የቀደሙት የሁለቱ ድምር ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መስማት የሚይዝ ጆሮ ያለው የኮሚቴ አባል ካለ ላየው እወዳለሁ።

«ባዕድ ነው፤ ለባህላችን አይስማማም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ባዕድነቱ የት ላይ ነው? መሣሪያው ከሆነ፣ ሳክስፎኑም ኪቦርዱም ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው፤ ዛሬ ግን ያለ ኪቦርድ የሚደገስ የከተማ ሠርግ ስንት ነው? ውስብስብነቱ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ይገለበጣል። በደራሼ የፊላ ጨዋታ አንድ ሰው ከቀርከሃው የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ብዙዎች በየተራቸው ድምፃቸውን በቦታው ሲጥሉ ነው። አንዱ ቢዘገይ ዜማው ይቀደዳል። ይህን የፈጠሩት ገበሬዎች እንጂ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቃን አይደሉም። የድጓ ተማሪ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን ጠንቅቆ ለማዜም ስንት ዓመት እንደሚቀመጥም የጋይንት ቤተ ልሔም መምህራን ይጠየቁ።

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት በ1936 ዓ.ም. በጅማ ነው፤ ጅማ የቀድሞው የከፋ ክፍለ ሀገር ርእሰ ከተማ እንደነበረች አንባቢ ያስታውሳል። ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችንን ከዐሥራ ሁለቱ ድምፆች ኅብር ጋር አዋሐዱ። እ.ኤ.አ. በ1972 በኒው ዮርክ በቀረጹት «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተሰኘው አልበም ውስጥ የሠርጋችን «ኩሉን ማን ኳለሽ» አለ። በመጀመሪያ የሚሰማው ሰው «ዜማችን ተበላሸ» ሊል ይችላል፤ ደግሞ ሲሰማው ግን ዜማው ከአዲሱ ኅብር ሥር ተቀምጦ ያገኘዋል። በዚያው በበርክሊ እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት ተማሪዎች አንድ ቡድን አቋቋሙ፤ ቡድኑ በኋላ ድሪም ቲያትር ተብሎ ፕሮግረሲቭ ሜታልን በዓለም ካስፋፉት አንዱ ሆነ። የጅማው ተወላጅና እነዚህ የጊታር ልጆች የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ናቸው ማለት ነው። እኛም አገር ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» በተሰኘው አልበሙ፣ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል አዘጋጅነት፣ ቅኝታችንን በሮክ ጊታር ላይ ጭኖታል። የቦንጋዎቹ ልጆች ከሰማይ የወረዱ አልነበሩም።

«ሰፊው ሕዝብ አይገባውም» የሚለው ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስቆጣኛል። በሕዝብ ስም የሚነገር የሕዝብ ንቀት ነውና። የከፋ ሰው ቡናውን በአንድ ስኒ አይፈርደውም። አቦሉን ይጠጣል፣ ቶናውን ይጠጣል፣ በረካውን ሳይጠጣ አይነሣም። (ምሳሌው እስከ መጨረሻው እንደማይሄድ አውቃለሁ፦ ቡና ሲደጋገም ይቀጥናል፤ ጥሩ አልበም ግን ሲደጋገም ይወፍራል።)

ከወጣቶቹም ጋር ቢሆን ጠብ አለኝ። ከባድ የሆነ ሁሉ ግሩም ነው የሚል እምነት ይዟቸዋል። ከሰጡኝ አልበሞች መካከል የጣት ፍጥነት ብቻ የሆነ፣ ቁጥሩ ተቆጥሮ ካለቀ በኋላ ለልብ አንዳች የማይተው አጋጥሞኛል፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ይሁንና ባዶነቱን ያወቅሁት በአራተኛው ጊዜ እንጂ በመጀመሪያው አልነበረም።

ያ ሰባት የቆጠረ ልጅ ዛሬ ስልክ ይጠግናል፤ ቡድኑም ተበትኗል። የዚያን ቀን ሥራቸው ቀረጻ እንዳለው ስጠይቀው «የለም፣ ጋሼ» አለኝ። ስለዚህ ከገምጋሚ ኮሚቴዎች የምንጠይቀው ይህን ነው፦ የሚመዘን ሥራ ሁሉ ይቀረጽ፤ ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት አቅራቢዎቹ ምን እንደሚቆጥሩ ይጠየቁ፤ ቅጹም በዚያው አዳራሽ አይሞላ፤ ሥራው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይሰማ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው በሌላ ቀን ይሁን።