«ገደቢስ» ያልነው ሰው



ዛሬ ስለ እግር ኳስ እንጽፋለን። «ፓስተር ምን ነካቸው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ኳስ የማትከታተሉ እናቶችና አባቶች ጥቂት ታገሡን። ስለ ግብና ስለ ዋንጫ የምናወራው ስለ አንድ ቃል ለመነጋገር ነው። ቃሉም «ገደቢስ» የሚለው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው ያስቀመጥናቸው።)

ሃሪ ኬን የሚባለውን እንግሊዛዊ አጥቂ ወጣቶቻችን ያውቁታል። ለቶተንሃም 280 ግቦችን አስቆጥሯል፤ በክለቡ ታሪክ ይህን ያህል ያስቆጠረ የለም። ዋንጫ ግን አላነሣም። በ2015 የሊግ ካፕ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ2019 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ደርሶ ተሸነፈ። በ2021 እንደገና የሊግ ካፕ ፍጻሜ፣ እንደገና ሽንፈት። በዚያው ዓመት ከአገሩ ብሔራዊ ቡድን ጋር የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ዌምብሌይ ላይ በመለያ ምት በጣሊያን ተሸነፈ፤ በ2024 ደግሞ በርሊን ላይ በስፔን። «ይህ ሰው እርግማን አለበት» የሚለው ወሬ በዓለም ሁሉ ተዛመተ።

በ2023 ክረምት ወደ ባየርን ሙኒክ ሄደ። ባየርን እኮ የጀርመንን ሊግ 11 ጊዜ በተከታታይ የወሰደ ክለብ ነው! እዚያ ሄዶ ዋንጫ የሚያጣ ማን ነው? ገና ፊርማው ሳይደርቅ ተቀይሮ በገባበት የመጀመሪያ ጨዋታ ባየርን በላይፕዚግ ሦስት ለዜሮ ተሸንፎ ሱፐር ካፑን አጣ። ቀጥሎም በሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ ተሸንፎ ከጀርመን ዋንጫ ወጣ። ሊጉን ደግሞ ባየር ሌቨርኩሰን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ወሰደው። ባየርን ከ10 ዓመት በላይ ያላየውን ባዶ ዓመት አየ። በዚያ ዓመት በሊጉ 36 ግብ አስቆጥሮ የሁሉም የበላይ የሆነው ማን መሰላችሁ? ያው «ገደቢሱ» ነው። ሠላሳ ስድስት ግብ ያገባውን ሰው ነው እንግዲህ ቡድኑን ያሸነፈው እርሱ ነው ያሉት።

በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ ለዚህ ነገር ቃል አለው። ብራዚላውያን እንዲህ ያለውን ሰው «ቀዝቃዛ እግር» ይሉታል። በ2010 የዓለም ዋንጫ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሚክ ጃገር የደገፈው ቡድን ሁሉ ሲሸነፍ አይተው፣ ብራዚል በሆላንድ የተሸነፈችው እርሱ ስታዲየም ስለ ገባ ነው ብለው ስሙን ሰጡት። እኛም ጥፋቱን እግር ላይ እንጥላለን፤ «እግረ እርጥብ» አለ፣ «እግረ ደረቅ» አለ። ብራዚልና ኢትዮጵያ ሳይመካከሩ ሰውን ከእግሩ ጀምረው መክሰሳቸው ይገርመናል።

ሰው ብቻ አይደለም የሚከሰሰው፤ ማሊያም ይከሰሳል። በቼልሲ 9 ቁጥር ማሊያ የተረገመ ነው ይባላል። በ2022 ሉካኩ 97 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት ሳይሳካለት ከሄደ በኋላ፣ አሰልጣኙ ቶማስ ቱኼል ቁጥሩን ተጫዋቾች መንካት እንደማይፈልጉ፣ ሰዎችም የተረገመ ነው እንደሚሏቸው በይፋ ተናግረዋል። ከዚያ በፊት ቶሬስ ነበር፣ ሞራታ ነበር። እንዲያውም አንድ ጊዜ ኻሊድ ቡላህሩዝ የሚባል ተከላካይ ለብሶታል። ተከላካይ ግብ አላገባም ተብሎ ማሊያ ሲከሰስ አይታችኋል? ጂሚ ፍሎይድ ሃሰልባንክ ያንኑ ቁጥር ለብሶ በ2001 የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ መሆኑን ግን የሚያነሣ የለም። ቶሬስም ቢሆን በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛ፣ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ፍጥነቱ ቀንሶ ነበር። ይህን ሐኪም ይነግራችኋል፤ መርጋሚ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

በፖርቱጋል ደግሞ ቤንፊካ አለ። አሰልጣኙ ቤላ ጉትማን በ1961 እና በ1962 የአውሮፓን ዋንጫ አስገኝተው የደመወዝ ጭማሪ ጠየቁ፣ ክለቡ እምቢ አለ፣ እርሳቸውም ለቀቁ። ሲለቁ «ለመቶ ዓመት የአውሮፓ ሻምፒዮን አትሆኑም» ብለው ረገሙ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቤንፊካ ስምንት የአውሮፓ ፍጻሜዎችን ተሸንፏል። በ1990 ፍጻሜው ጉትማን የተቀበሩበት ከተማ በቪዬና ሲደረግ፣ ታላቁ ዩዜቢዮ ወደ መቃብራቸው ሄዶ እርግማኑ እንዲነሣ መለመኑ ይነገራል። ሚላን አንድ ለዜሮ አሸነፈ። ያ ሚላን እነ ቫን ባስተን፣ እነ ጉሊት፣ እነ ራይካርድ የነበሩበት ሚላን ነው፤ በዘመኑ ማንን አላሸነፈም? ደግሞ ሰዎች የማያወሩት ነገር አለ። ጉትማን ራሳቸው በ1965 ወደ ቤንፊካ ተመልሰው አንድ የውድድር ዘመን አሠልጥነዋል፤ እርሳቸውም የአውሮፓን ዋንጫ አላገኙም። ረጋሚው በገዛ እርግማኑ ተያዘ ማለት ነው? እኚህ ሰው ናዚዎች ቤተሰባቸውን የጨረሱባቸው ሃንጋሪያዊ አይሁዳዊ ነበሩ። ብዙ መከራ አልፈው የመጡ ሠራተኛ ሰው ናቸው፤ ደመወዝ ቢጠይቁ ጠንቋይ አደረግናቸው።

ሁለቱ እርግማኖች አንድ ቀን ፊት ለፊት ተገናኝተዋል። በ2013 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ ቼልሲና ቤንፊካ ተጋጠሙ። የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው ማን ነበር? 9 ቁጥሩ ቶሬስ! የተረገመው ማሊያ በተረገመው ክለብ ላይ አገባ። አንድ ነገር ሁለት ተቃራኒ ውጤት ሲያስረዳ፣ ምንም አላስረዳም ማለት ነው። በኮሌጅ ሳለን የሥነ አመክንዮ መምህራችን ይህን ለማስተማር አንድ ሙሉ ወር ፈጅተውብናል፤ ኳስ ቢመለከቱ ኖሮ በአንድ ምሽት ይጨርሱ ነበር።

የአርሰናሉ አሮን ራምሴ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። እርሱ ግብ ባስቆጠረ ቁጥር ታዋቂ ሰው ይሞታል አሉ። በ2011 ማንቸስተር ዩናይትድ ላይ ባስቆጠረ ማግስት ቢን ላደን ተገደለ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ስቲቭ ጆብስ፣ ከዚያ ጋዳፊ። ራምሴ ለአርሰናል ከ60 በላይ ግቦች አስቆጥሯል፤ ማንም ያልሞተባቸውን ማን ቆጠራቸው? ቀልድ ነው ይላሉ። ግን በየሄደበት ስለ ሬሳ የሚጠየቀው ወጣት ሰው ነበር።

ወገኖች፣ ይህ ሁሉ አዲስ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 28 ላይ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ ማልታ ደሴት ወጣ። ዝናብ ነበር፣ ብርድ ነበር፤ እርሱም ጭራሮ ሰብስቦ ወደ እሳቱ ሲጨምር እፉኝት እጁን ያዘችው። የደሴቲቱ ሰዎች ይህን አይተው ወዲያው ፈረዱ፦ ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው፣ ከባሕር ቢያመልጥ እንኳ ፍርድ አልለቀቀውም አሉ። እስኪያብጥ ጠበቁት። ብዙ ጠብቀው ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉት። በልስጥራ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነበር፤ መጀመሪያ አምላክ አሉት፣ ቀጥለው በድንጋይ ወገሩት። ደጋፊ ማለት ይኸው ነው! ሰውየው ግን በሁለቱም ቦታ ያው ጳውሎስ ነው። ጭራሮ የሚሰበስብ ሰው ነው።

ማልታውያን ወንጌል አልሰሙም ነበር እንበል። በዮሐንስ 9 ላይ ያለውን ምን እንበል? ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአቱ የማን ነው፣ የእርሱ ነው የወላጆቹ?» የሚል ጥያቄ ያነሡት ፈሪሳውያን አይደሉም። ከጌታ ጋር የሚበሉ፣ ከጌታ ጋር የሚሄዱ ደቀ መዛሙርቱ ናቸው። ሰውየው መንገድ ዳር ተቀምጦ ይሰማል፤ ዕውር እንጂ ደንቆሮ አልነበረም። ጌታም የእርሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው፣ ጭቃ ለወሰ፣ ፈወሰው። እንግዲህ ዓይኑ በርቶለት እንኳ ስሙ አልለቀቀውም፤ በምዕራፉ መጨረሻ ሲያባርሩት፣ ሲወለድ ጀምሮ በኃጢአት የተሞላ ነው ብለው ነው ያባረሩት። ሰው ላይ የለጠፍነው ስም ከበሽታው ይልቅ ዕድሜ አለው።

መንፈሳዊው ዓለም የለም፣ እርግማን የሚባል ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ አልተጻፈም አንልም። ተጽፏል። ነገር ግን ያለ ምክንያት የተነገረ እርግማን ማረፊያ እንደሌለው ወፍ መሆኑም ተጽፏል (ምሳ. 26፥2)፤ ክርስቶስም በእንጨት ላይ የተሰቀለው እርግማናችንን ሊወስድ መሆኑ ተጽፏል (ገላ. 3፥13)። እኛ አገልጋዮች ግን ምን እናደርጋለን? እናት መጥታ «ልጄ ስድስት ቦታ ሥራ አመልክቶ አልተሳካለትም» ስትል፣ ልጁ ምን እንደተማረ፣ ማመልከቻውን እንዴት እንደጻፈ ሳንጠይቅ «አያቱ ምን ያመልኩ ነበር?» ብለን እንጀምራለን። «ገደቢስ» የሚለውን የሰፈር ቃል አውጥተን «የዘር እርግማን» የሚል የመድረክ ቃል አስገባን። የተቀየረው ልብሱ ብቻ ነው።

ይህን ስንጽፍ ከጥፋቱ ውጭ ሆነን አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት የአጥቢያችን ወጣቶች ከሌሎች ጸሎት ቤቶች ጋር የኳስ ውድድር ነበራቸው። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ነበረን። እርሱ በገባባቸው ሦስት ጨዋታዎች ተሸነፍን። ልጆቹ ስም አወጡለት። የፍጻሜው ቀን እኛም ሜዳው ዳር ቆመን ነበርና እየሳቅን «አንተ ዛሬ እዚያ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ እንዳታስበላን» አልነው። ሁሉም ሳቀ፤ እርሱም ሳቀ። ሄዶ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ። በዚያ ቀን አሸነፍን።

ከዚያ በኋላ አራት እሑድ አላየነውም። እናቱን ስንጠይቅ ቡና አፍልተው ካስቀመጡን በኋላ ነገሩን። አባቱ የሞተው እርሱ በተወለደ በሳምንቱ ነው። የአባቱ ዘመዶች ሕፃኑን በዚያ ምክንያት «ገደቢስ» እያሉት ነው ያደገው። እናቱ ወደ ጌታ ሲመጡ አንዱ ደስታቸው ልጃቸው ይህን ስም የማይሰማበት ቤት ማግኘታቸው ነበር። «ፓስተር፣ እዚህም አለ ለካ» አሉን። ምንም አልመለስንም፤ ምን ይመለሳል?

ልጁን አግኝተን ይቅርታ ጠየቅነው። ዮሐንስ 9ን ከፈትን። ሰምቶ ሲያበቃ «ግን ፓስተር፣ እኔ ስቀመጥ አሸነፋችሁ አይደል?» አለን። የሥነ አመክንዮ ትምህርታችን በዚያች ሰዓት አልጠቀመንም። በሦስት ቀን እንዳታስበላን ያልነውን በሦስት ዓመትም አልነቀልነውም። ወደ ጉባኤ ተመለሰ፣ በመዘምራንም አገለገለ፤ ሜዳ ላይ ግን ዳግመኛ አልወረደም። የቡድኑ ልጆች ለምነውት ነበር፤ «እኔ እዚህ ሆኜ ልብስ ልጠብቅላችሁ» ይላቸው ነበር።

አሁን በሌላ ከተማ ይሠራል፣ አግብቷል። በ2025 ግንቦት ወር ባየርን ሊጉን ሲወስድ ኬን በ31 ዓመቱ የመጀመሪያ ዋንጫውን አገኘ። ሻምፒዮንነቱ ሊረጋገጥ በሚችልበት የላይፕዚግ ጨዋታ ላይ በቅጣት ምክንያት አልተሰለፈም ነበር፤ ባየርን መጨረሻ ላይ ግብ ገብቶበት አቻ ወጣ፤ በማግስቱ ሌቨርኩሰን ነጥብ ሲጥል ዋንጫው የእነርሱ ሆነ። ስለዚህ «እርሱ ባለመኖሩ ነው» የሚሉት እንኳ በደንብ ሊሉት አልቻሉም። በዚያው ወር ቶተንሃምም ከ17 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሣ። «ኬን ስለ ሄደ ነው» ያሉ ነበሩ። እርግማኑ ከኬን ጋር ሄዶ ከሆነ ባየርን እንዴት ወሰደ? ከቶተንሃም ጋር ቀርቶ ከሆነ ቶተንሃም እንዴት ወሰደ? ሁለቱም በአንድ ወር!

በዚያ ሰሞን ማታ ስልካችን ላይ መልእክት ገባ። የኬን ፎቶ ነው፤ ዋንጫውን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይስቃል። ከሥሩ ያ ልጃችን አንድ መስመር ጽፎበታል፦ «ፓስተር፣ ይሄንን አዩት?»