የልጅ ልጄ ከሙዚየም ይዛ የመጣችው ጥያቄ

ለዛሬ ስለ ሕፃናት ጉንፋን ላወጋችሁ ቃል ገብቼ ነበር፤ ለሚቀጥለው ይቆየኝ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤቷ ጋር የመስቀል አደባባዩን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ጎብኝታ ኮልፌ ቤታችን ስትገባ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «እማማ፣ አፅሙን ብቻ አይተው በጥይት መሞቱን በምን ያውቃሉ?» አለችኝ።

እኔ በነርስነት ዘመኔ ያየሁት የሕያዋንን አጥንት ነው። ቢሆንም የማውቀውን ነገርኳት። ጥይት የራስ ቅል ሲበሳ፣ በገባበት በኩል ቀዳዳው ከውጭ ጠበብ ብሎ ወደ ውስጥ ይሰፋል፤ በወጣበት በኩል ተቃራኒው ነው። ሰውየው በሕይወት ሳለ የተሰበረ አጥንት ገጥሞ አዲስ አጥንት ያበጃል፤ በሞቱ ሰዓት የተሰበረው ግን የመጠገን ምልክት የለውም። ዳሌው ወንድና ሴትን ይለያል። የጥርስና የአጥንት ዕድገት ዕድሜን ይጠቁማል።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከርቸሌ ውስጥ በጥይት የተረሸኑት የንጉሡ ባለሥልጣናት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፉት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የእነሱ ስም ዝርዝር በራዲዮ ስለተነገረ አገር ያውቀው ነበር። ከቀይ ሽብር ልጆች ግን ብዙዎቹ ስም አልተነገረላቸውም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ሲመረምር፣ በ1986 ዓ.ም. ገደማ፣ ከአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ሙያውን ያዳበሩት በገዛ አገራቸው ወታደሮች የሰወሯቸውን ሰዎች ሲፈልጉ ነው። ኮተቤ የጅምላ መቃብር ሲከፈት ያገኙት ጥይት አልነበረም፤ በአንገት አጥንቶች ዙሪያ የቀረ የናይለን ገመድ ነው። ሙዚየም ገብቶ ሁሉንም «በጥይት» ማለት ልክ አይደለም።

አጥንቱ አሟሟቱን ቢናገር እንኳ ስሙን አይናገርም። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ቤተሰብ የሚጠይቁት፦ ቁመቱ ስንት ነበር? የጎደለ ጥርስ ነበረው? ልጅ ሳለ ተሰብሮ ያውቃል? ምን ለብሶ ወጣ?

ይህንኑ ማታ ቡና ላይ ሳነሳ ጎረቤቴ ስኒዋን አስቀመጠች። ወንድሟ በ1970 ዓ.ም. ከቤት እንደወጣ ቀርቷል።

«ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ወጌሻ አሽቶት ነበር» አለች።

«ግራው ነው ቀኙ?» አልኳት።

ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ቆየች። «ሕፃን ነበርኩ እኮ፤ እሱን የምታውቀው እናቴ ነበረች።»

እናቷን የቀበርናቸው ካቻምና ነው። ሆለታ አንዲት አሮጊት አክስት አሏት፤ ለቅዳሜ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል።