«መጨረሻው ሞት ያልሆነ አለ ወይ?»

ለዛሬ ያሰናዳሁት ስለ አስቸጋሪ አከራዮች የጻፋችሁልኝን ነበር። አከራዮቹ ይቆዩ፤ የትም አይሄዱም። ከአይከል የመጣች አንዲት አጭር ደብዳቤ እንቅልፍ ነሳችኝና ቀደመቻቸው። ጸሐፊው ስሙን አልጻፈም። እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ ዕድሜዬ ሃያዎቹ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ሰው ሲተኛ ስልኬ ላይ ማንበብ እወዳለሁ። የምወደው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ የሚያስፈራ ታሪክ ነው። መንፈስ፣ ዛር፣ ሰው የማይገባበት ቤት... እንዲህ ያለውን። ሁለተኛውን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የሚወድበት ታሪክ ነው። እስካሁን ያገኘሁት ሁሉ ወይ ብልግና ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ አንዱ ይሞታል። መጨረሻው ሞት ያልሆነ አለ ወይ? ሁሉም የሚያወራላቸውን ሳይሆን የተረሱትን ንገሪኝ። አደራ፣ እኔን የሚያሳውቅ ነገር እንዳታወጪ።»

ወንድምዓለም፣ ምንም አላወጣም። ስምህን አለመጻፍህም ደግ አደረግህ።

ወደ መጻሕፍቱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። ሳታውቀው አትቀርም፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በአንድ ዓይነት ፆታ መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት በእስራት ይቀጣል። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ድርጊት ነው፤ ስለ ልብም ስለ ንባብም አላነሳም። ሰፈር ግን አንቀጽ ቆጥሮ አይፈርድም። ለዚህ ነው ወደ መጨረሻው ስለ ስልክህ የምነግርህ ነገር ያለኝ። «ደሞ ይሄም በጋዜጣ ይወጣል?» ብላችሁ ገጹን የምታጥፉ አንባብያን ካላችሁም ቅር አይለኝም፣ ሳምንት እንገናኛለን። ግን እስቲ በሞቴ፣ ልጁ መጽሐፍ ጠየቀ እንጂ ሌላ ምን አደረገ?

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ነገር እወዳለሁ ብለኸኛል። እኔ ደግሞ አንድ ናቸው ባይ ነኝ። በግልጽ ቢጽፉት የሚያሳስራቸውን ፍቅር የድሮ ደራስያን ነጠላ አልብሰው፣ «መንፈስ ነው» ብለው ነው በኬላው ያሳለፉት። ማስረጃ አምጪ ካልከኝ የመጀመሪያዋ «ካርሚላ» ናት።

«ድራኩላ»ን የማያውቅ የለም፤ ሲኒማው ብቻ ስንት ጊዜ ተሠርቷል! ብራም ስቶከር ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ከእሱ 25 ዓመት ቀድሞ፣ በ1872፣ ሸሪዳን ሌ ፋኑ የሚባል ሌላ አየርላንዳዊ በአንድ የታሪክ መድበል ውስጥ «ካርሚላ»ን አውጥቶ ነበር። ደም መጣጯ ሴት ናት፤ የምትፈልገውም ሴት ነው። ላውራ የምትባል ልጅ ከአባቷ ጋር ኦስትሪያ ውስጥ ጫካ መሃል ባለ አሮጌ ግንብ ትኖራለች። ጓደኛ የላት፣ ጎረቤት የላት። አንድ የጨረቃ ምሽት በግንቡ አጠገብ ሠረገላ ይገለበጣል። ከውስጡ የወጡት እመቤት መንገዳቸው የሚያስቸኩል ነውና የታመመች ልጃቸውን ለሦስት ወር አደራ ብለው ይሄዳሉ። ልጅቱ ቀና ስትል ላውራ ክው ትላለች። ገና ሕፃን ሳለች አንድ ሌሊት አልጋዋ ላይ መጥታ ያቀፈቻት ሴት መልክ ቁርጥ ይሄው ነው!

ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝርም፤ እንዳይበላሽብህ። ካርሚላ ከቀትር በፊት ከመኝታዋ አትነሳም። ስለ ዘመዶቿ ብትጠየቅ አትናገርም። ላውራን አንገቷን አቅፋ በጆሮዋ የምታንሾካሹክላት ቃል የፍቅር ነው፤ ላውራም በአንድ ጊዜ ትሳባለች፣ ትሸሻለችም። በአካባቢው ደግሞ ወጣት ሴቶች አንድ በአንድ እየታመሙ ይሞታሉ። ሌ ፋኑ የተዋጣለት ምኑ ላይ ነው ብትለኝ፣ ፍርሃቱ የት አልቆ መውደዱ የት እንደሚጀምር አለመንገሩ ላይ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የካርሚላ መጨረሻ አያምርም። ግን ላውራ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ኮቴዋን ከሳሎኑ በር ላይ የሰማች እየመሰላት ትባንናለች። ደም መጣጯን ገደሏት፤ ናፍቆቱን የገደለው የለም።

መጽሐፏ አጭር ናት፣ ምዕራፎቿም ቶሎ ቶሎ ያልቃሉ። የደራሲው መብት ዘመኑ ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ በነፃ ትገኛለች፤ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነች ካርድህንም አትበላብህም። እንግሊዝኛዋ የድሮ ነውና የመጀመሪያዎቹን ገጾች ቀስ ብለህ ሂድ። ጅብ ሲጮህ ከሆነማ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ለነገ አሳድረው። እኔ አላሳደርኩትም፣ ተቀጣሁበት።

ከፈራህ አይቀር አንድ ልጨምርልህ። የአሜሪካዊቷ የሸርሊ ጃክሰን «የሂል ሀውስ መንፈስ» እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣ ነው። ብቸኛዋ ኤሊነርና ነፃዋ ቴዎዶራ መንፈስ አለበት በተባለ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። በመካከላቸው ያለውን ነገር ጃክሰን ስም አትሰጠውም። አንድ ሌሊት ኤሊነር በጨለማ በፍርሃት የቴዎዶራን እጅ አጥብቃ ትይዛለች። መብራት ሲበራ ቴዎዶራ ራቅ ብላ እሷ አልጋ ላይ ናት። እስቲ ያ እጅ የማን ነበር?

«ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ነው» እንዳትለኝ፣ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከአይከል ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1932 ሚሼል ሌሪስ የተባለ ፈረንሳዊ ደራሲ ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ከሚያቋርጥ የጥናት ቡድን ጋር መጥቶ ወራት ተቀመጠ። ወይዘሮ መልካም አየሁ ከተባሉ የታወቁ ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ ቡናውን እየጠጣ፣ ዕጣኑን እየታጠነ፣ የሚያየውን ሁሉ በማስታወሻው ከተበ። ማስታወሻው በ1934 ታተመ። «ፋንተም አፍሪካ» በሚል ስም በእንግሊዝኛ የወጣው ደግሞ ገና በ2017 ነው። ልብ ወለድ አይደለም። ሌሊት ላይ ሲያነቡት ግን ከልብ ወለድ ይብሳል። ሰውየው ራሱ ከወይዘሮዋ ልጅ ከእማዋይሽ ጋር ልቡ ሲሰቀል ታየዋለህ፤ ተመራማሪ ነኝ ብሎ የመጣው ሰው ራሱ የተያዘ መሰለ። ለአንተ ጥያቄ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የዛር ፈረስ የሆነች ሴት በላይዋ ወንድ ዛር ሲወርድ እንደ ወንድ ትፎክራለች፣ እንደ ወንድ ትጠራለች፣ የተሰበሰበውም ሰው ለወንዱ ክብር ይሰጣል። አያቶቻችን ይህንን እያዩ ቡናቸውን ይጠጡ ነበር። አንድ ሰው ውስጥ ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችል የሚናገሩበት ቋንቋ ነበራቸው ማለት ነው።

ይሄ ነገር ከጣመህ የናይጄሪያውን ደራሲ የአክዋኤኬ ኤሜዚን «ፍሬሽዋተር» ፈልግ፤ በ2018 ነው የወጣ። አዳ የምትባል ልጅ ሰውነት ውስጥ መናፍስት ገብተው ታሪኳን የሚተርኩት እነሱ ናቸው፤ «እኛ» እያሉ። የፆታም የፍቅርም ነገር ሁሉ ከእነዚያ መናፍስት ጋር ይደባለቃል። ዛር የሚያውቅ አገር ልጅ ይህንን መጽሐፍ ከፈረንጁ ቀድሞ የሚገባው ይመስለኛል። ከበድ ይላል ግን፤ ያዘንክ ሰሞን አትጀምረው።

በአማርኛስ? የሚያስፈራው አላጣህም። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሞትና አጋፋሪ እንደሻው» ሞትን በሽሽት ስለሚያደክም ሰው ነው፣ እየሳቅህ ትፈራለህ። ስለ ሁለተኛው ጥያቄህ ግን እንዳልሸነግልህ። ይህ ፍቅር በእኛ መጻሕፍት ብቅ ሲል ብዙ ጊዜ እንደ ስድብ ወይም እንደ ወንጀል ነው። ቀረብ የምትል አንዲት አሮጌ መጽሐፍ አለች። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንላት። የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ ናት፤ በትምህርት ቤት ለፈተና ስማቸውን ሸምድደን ረሳናቸው። ጦቢያ ወንድ መስላ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ታቋርጣለች። በመጨረሻ ነገሩ በጋብቻ ነው የሚታሰር፤ ዘመኑም ደራሲውም ከዚያ ሌላ አያስቡም። እኔ የምልህ ግን ወንድ የመሰለችውን ልጅ ሰዎች በምን ዓይን እንደሚያዩዋት እያስተዋልህ እንደገና አንብባት።

አሁን ወደ ዋናው። ከአይከል ቁልቁል ወደ መተማ የሚወስደውን መንገድ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። በደርግ ዘመን ስንቱ በዚያ በኩል ወደ ሱዳን ተሻገረ! ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያኑ በተራቸው ከጦርነት ሸሽተው ወዲህ መጡ። ሱሌይማን አዶንያ የተወለደው ከእናንተ ሰሜን፣ ተከዜ ዳር ባለችው ኦምሐጀር ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ኢትዮጵያዊ። ሕፃን ሳለ ወደ ሱዳን ተሰድዶ በመጠለያ ካምፕ አደገ። በ2018 ያሳተመው «ሳይለንስ ኢዝ ማይ መዘር ተንግ»፣ በእኛ አፍ «ዝምታ የእናቴ ቋንቋ ነው» እንደ ማለት፣ ስለዚያ ዓይነት ካምፕ ነው። ሳባ ትምህርት የተራበች ልጅ ናት። ወንድሟ ሐጎስ ዱዳ ነው። መናገር የማይችለው ሐጎስ ሴቶች ይሠሩታል የሚባለውን ሥራ ይሠራል፣ ሳባ ደግሞ የወንድ የሚባለውን ድፍረት ይዛለች፤ ካምፑ ሁሉ በጭቃ ቤቱ ቀዳዳ ያያቸዋል። የሐጎስን ፍቅር ሳባ እንዴት አድርጋ እንደምትጠብቅለት ስታነብ ትንፋሽህ ይቆማል። መንፈስ የለበትም። የጎረቤት ዓይን ግን ከመንፈስ ያስፈራል። ከጠቀስኳቸው ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ብትለኝ እሱን ነው። እንጀራ፣ ቡና፣ ክብሪት፣ ሐሜት... ሁሉም የምታውቀው ነው።

«መጨረሻው ሞት ያልሆነ» ላልከው ሁለት አሉኝ። የእንግሊዛዊው ኢ.ኤም. ፎርስተር «ሞሪስ» የተጻፈው በ1913 እና በ1914 ነው፤ የታተመው በ1971፣ ደራሲው በሞተ በዓመቱ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ቆየ ማለት ነው! ምክንያቱ ደግሞ የጠየቅኸው ራሱ ነው፤ ፎርስተር ሁለቱ ወንዶች በደስታ እንዲጨርሱ ቆርጦ ነበር። ቢገድላቸው ኖሮ ሳይቀል አይቀርም ነበር። አገሩ ሕጉን ያነሳው በ1967 ነው፣ ሰውየው ያን ጊዜ አርጅቷል። መካከሉ ትንሽ ይንዛዛል፣ ግን ታገሰው።

ሁለተኛው በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አጭር ታሪክ ነው፦ የኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒየኮ «ጃምቡላ ትሪ»፣ በ2007 የኬን ሽልማት ያገኘ። አማ አታ አይዱ ባሰናዳችው የአፍሪካ የፍቅር ታሪኮች መድበል ውስጥ አለ። አንያንጎ ለሳንዩ የምትጽፈው ደብዳቤ ነው። ጎረቤት አይታቸው ተለያይተዋል፣ ዓመታት አልፈዋል፣ ሳንዩ ልትመለስ ነው። የሚሞት የለም። ጎረቤቷን ደግሞ ሳታውቃት አትቀርም፤ እንደ እሷ ያለች በየሰፈሩ አለች።

ስለ ስልክህ የቀረኝን ልጨርስ። በ2015 ዓ.ም. በቲክቶክ የሰዎችን ፎቶና ስም እየለጠፉ የማጋለጥ ዘመቻ እንደነበር ሰምተሃል። እኔን የሚያሳስበኝ መጽሐፉ ሳይሆን ያ ነው። ስልክህን በቁልፍ ዝጋ፤ «አንዴ ስጠኝ ልደውል» ለሚልህ ጓደኛ ሁሉ ከፍተህ አትስጥ። ያነበብከውን ለማንም አትላክ፣ ለምታምነውም ቢሆን፤ እሱስ ለማን እንደሚልክ ታውቃለህ? «እኔም እንደ አንተ ነኝ፣ እንገናኝ» ብሎ ከየትም ብድግ ያለውን ሰው አትመን፣ ፎቶህንም አትስጥ። አስፈራርቶ ገንዘብ የሚጠይቅህ ካለም አትላክለት፤ አንዴ የቀመሰ ደግሞ ይመጣል። እና ደግሞ እባክህ ሌሊቱን ሙሉ ብቻህን አትሁን። ስለ መጽሐፉ ለማውራት የግድ ስለ ራስህ መናገር የለብህም። «ካርሚላ»ን የሚያስፈራ ታሪክ ነው ብለህ ከማንኛውም አንባቢ ጋር ልትጫወትባት ትችላለህ። ለዚህም ነው ከሁሉ ያስቀደምኳት።

ስትጨርሳት ጻፍልኝ። ላውራ ወደደች ወይስ ፈራች? እዚህ ቢሮ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ስንከራከርበት ከርመን እስካሁን አልተስማማንም፤ እሷ «ፈራች» ባይ ናት።

አከራዮቹ ለሚቀጥለው ሳምንት። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።