ድብ በሚኖርበት ደሴት ነፋስ ለመቀበል ስለ መውጣት

ባራኖፍ በሚባል ደሴት ላይ፤ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ዳር፤ ሲትካ የምትባል የአላስካ ከተማ አለች። መስኮብ አላስካን ለአሜሪካ በሸጠ ጊዜ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ዓ. ም.፤ ርክክቡ የተፈጸመው በዚህችው ከተማ ነበር። ከሌላ ከተማ የሚያገናኛት የየብስ መንገድ ስለሌለ፤ እንግዳ የሚገባባት በመርከብ ወይም በአይሮፕላን ነው።

በኅዳር ወር በባሕሩ ዳር ቆሞ ዓሣ ዐንበሪ ሲተነፍስ ማየት ለልጆች ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ቤቶቹ ካለቁበት ወዲያ ዱር ይጀምራል፤ ዱሩም የቡናማ ድብ አገር ነው። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ወንዞቹ በሚወጣበት ጊዜ፤ ድቡም ሰውም ወደ አንድ ውሃ ይወርዳሉ።

ስለዚህ ከልጆች ጋራ ነፋስ ለመቀበል የሚወጣ ሰው በዝምታ አይሂድ፤ ይነጋገር ወይም ይዝፈን። ድምፁ ባያምርም ለድብ ይበቃል። ድብ የሰውን መምጣት አስቀድሞ የሰማ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ገለል ይላል፤ አደጋ የሚመጣው ድንገት በቅርብ የደረሱበት እንደሆነ ነው። ካዩትም መሮጥ አይገባም፤ ልጆችን አጠገብ ሰብስቦ፤ በረጋ ድምፅ እየተናገሩ፤ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማለት ይሻላል።

እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ በከተማው ውስጥ የሚሆነው ነው። የዓሣ ሆድ ዕቃና የወጥ ቤት ትራፊ በደጅ ያገኘ ድብ ይመለሳል፤ ሲመላለስም ሰውን መፍራት ይተዋል፤ ፍጻሜውም ብዙ ጊዜ በጥይት ነው። ድቡን የገደለው ተኳሹ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም። ጥንቁቅ የቤት እመቤት ትራፊውን ማታ ከደጅ አታስቀምጥም፤ ወሳጁ መኪና በሚመጣበት ቀን ጧት ታወጣዋለች እንጂ።