ጆሮ ያስማማውን ዐይን ይለየዋል

ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ነውና ወደ አንድ ፊደል ይጠቅለሉ ከሚሉት ሰዎች አንዳንዶቹ እንግሊዝኛን የሥልጣኔ ምሳሌ ያደርጋሉ። ምሳሌው ግን በነርሱ ላይ ይመሰክራል። በዚያ ቋንቋ ፀሐይም ልጅም «ሰን» ይባላሉ፤ አጻጻፋቸው ግን ልዩ ልዩ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1621 እስከ 1631 በሎንዶን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አለቃ የነበረው ባለቅኔ ጆን ደን፣ በዚህ ድምፅ ፀሐይን ሰም፣ ወልድን ወርቅ አድርጎ ጸልዮበታል። ለሕፃናት ይከብዳል ቢሉም፣ የእንግሊዝ ሕፃናት ልዩነቱን ይማሩታል።

በግእዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው፤ ፊደሉን የለወጠ ፀሐይን ሌባ ያደርጋታል። በላሊበላ ከዐለት ከተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ የስሙም ሥር ድኅነ፣ ዳነ ማለት ነው። ኀን በሀ የለወጠ ጸሐፊ ድኅነትን ድህነት ያደርገዋል፤ መዳንን የሚሻ ምእመንም ችጋርን ያነባል።

ባለቅኔ በኅብረ ቃል ሁለት ምሥጢር የሚያስተባብረው አስቀድሞ ለይቶ ስላወቀ ነው። ሳይለይ የቀላቀለ ተሳሳተ እንጂ ተቀኘ አይባልም። ስለዚህ ፊደል ከመቀነስ ሥርወ ቃልን ማስተማር ይቅደም።