አንዲት ኢንች

«መኪናዬን ልታዋርድብኝ ነው?» አለኝ ወዳጄ፤ ባለ 18 ኢንቹን ቸርኬ አውልቀህ ለክረምቱ ባለ 17 አስገባለት ስለው።

መኪናው ቶዮታ ጂአር 86 ነው፤ ከኋላ እግሩ የሚገፋ፣ 228 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ሆዱ ከመሬት 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ። ወዳጄ የሰው ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ በመጨረሻ ለራሱ ደስታ ብሎ የገዛው ነው፤ ስለዚህ ስለ መኪናው ክፉ መስማት አይወድም። እኔም ክፉ አልወጣኝም። ዴንቨር ላይ ኖቬምበር ከገባ በኋላ ይህ መኪና በበጋ ጎማ መነዳት የለበትም ነው ያልኩት፤ አሁንም እላለሁ።

«አንዲት ኢንች ምን ልትፈይድልህ?»

«ለእኔ ሳይሆን ለአንተ። አሁን ያለህ 215/40 ባለ 18 ነው። 215/45 ባለ 17 ስታደርገው ብረቱ ያንስና ላስቲኩ ይወፍራል። የጎማው ጠቅላላ ቁመት ግን ከ629 ወደ 625 ሚሊ ሜትር ነው የሚወርደው፤ የፍጥነት ቆጣሪህ እንኳ አይነቃም። ማርች ላይ አስፋልቱ ቀን እየቀለጠ ሌሊት እየረጋ ሲቦዳደስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ዱላውን ላስቲኩ ይቅመሰው ወይስ ቸርኬህ? የ17 ጎማ ዋጋውም ይቀላል።»

«ሰው ሲያየውስ?»

«የትኛው ሰው?»

«እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚያየኝ ሰው ነዋ!»

ይህን ያለው ሳያፍር ነው። እኔም ሳልራራለት መለስኩ፤ ዲሴምበር ላይ በዚያ ግቢ ጨውና ጭቃ ያልለበሰ ቸርኬ የለም፣ የምትሳሳለትን ቸርኬ ለጨው ለመገበር ከጓጓህ ግን ማን ይከለክልሃል አልኩት። ሳቀ፤ ግን አልተረታም።

«እንዲያውም ቸርኬው ከፈቀደ ጎማው ትንሽ ጠበብ ቢል ይመረጣል» ብዬ ቀጠልኩ።

«ቆይ፣ መሬት የሚይዘው ሰፊ ጎማ አይደለም እንዴ?»

«ጁላይ ላይ፣ በደረቅ አስፋልት፣ አዎ። አዲስ በጣለና ውሃ ባዘለ በረዶ ላይ ግን ሰፊው ከላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል። ጠባቡ ላይ ያው ክብደት በትንሽ ቦታ ስለሚያርፍ ሰንጥቆ ወደ ታች ይወርዳል።»

«ታች የሚይዘው ነገር ካገኘ! የቀለጠው ማታ ተመልሶ ሲረጋ ከታች ያለው ራሱ በረዶ ነው። እዚያ ላይ ጠባብህ ምኑን ነው የሚሰነጥቀው?»

ልክ ነው። በረጋና በተወለወለ በረዶ ላይ የጎማው መጥበብ ያን ያህል አያድንም፤ እዚያ የሚሠራው ላስቲኩ ራሱ ነው፤ በብርድ የማይደርቀው ቅመሙና በጥርሶቹ ላይ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች። ነጥቡን ሰጠሁት። ሰውዬው ከተራራ ለተራራ ሲመላለስ የኖረ ስለሆነ በረዶን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ እያወቀ!

ነጥብ ያገኘ ሰው ደግሞ አይቻልም። ወንበሩን አስጠጋና ዋናውን ክርክሩን አመጣ።

«ስማኝ፤ አንተ የምታወራው ስለ ሚኒሶታ ነው። እዚህ ማክሰኞ በረዶ ይጥላል፣ ሐሙስ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ በቲሸርት ውጭ ቁጭ ብለን ቡና አልጠጣንም? ሴፕቴምበር 7 ቀን 2020 የዴንቨር ሙቀት 93 ፋራናይት ነበር፤ በማግስቱ በረዶ ጣለ። ታዲያ ጎማ የምቀይረው መቼ ነው? በሴፕቴምበር? ለጥቂት የበረዶ ቀን ብዬ ክረምቱን ሙሉ ለስላሳ ላስቲክ በደረቅ አስፋልት ላስበላ? ደግሞስ ይህን መኪና የገዛሁት ለመሪው ነው። እጄ ላይ መንገዱን ይነግረኛል። የክረምት ጎማ ስታስገባለት መሪው ይለግማል፤ ጥምዝ ላይ ስትጥለው ቆይቶ ነው የሚመልስልህ። ይኼንን እንዳትክደኝ!»

አልካድኩትም። ሞቅ ባለ ደረቅ ቀን የክረምት ጎማ ቶሎ ይበላል፣ ፍሬን ስትይዝም ከበጋው ጎማ ርቆ ነው የሚቆመው። መሪው የሚለግመውም እውነት ነው፤ የወፈረው ላስቲክም የራሱን ይጨምርበታል። ለስፖርት መኪና ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ መሪ የሚወድ ሰው ሲያዝን ይገባኛል። ግን ወዳጄ ቀኑን የሚቆጥረው በበረዶ ነው፤ መቁጠር ያለበት በብርድ ነው። የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እዚህ እንደምንለው ከ45 ፋራናይት፣ ሲወርድ መጠንከር ይጀምራል፤ ብርዱ ሲጠና እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። ያኔ መንገዱ ደረቅ ቢሆንም አይጨብጥም።

«አንተ ከቤት የምትወጣው በስንት ሰዓት ነው?»

«ያርድ የምገባው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው።»

«ቡና የጠጣነውስ?»

«እኩለ ቀን…» አለና ወዴት እንደምወስደው ገባው።

ከዚህ በኋላ መንገድ ለወጠ። «እንግዲያውስ አቆመዋለሁ። ሲበርድ የባለቤቴን መኪና ይዤ እወጣለሁ፤ እሱ በአራቱም እግሩ ይሄዳል።»

«የት ነው የምታቆመው?»

«አፓርታማው ሜዳ ላይ ነዋ።»

ይህን ስጠብቅ ነበር። የበጋ ጎማ የሚሠራው ሚሽለን ራሱ፣ ጎማው ከ-7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ከተንቀሳቀሰ ላስቲኩ ሊሰነጠቅ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። ወዳጄ በሚኖርባት አውሮራ ሜዳ ላይ የሚያድር መኪና ከዚያ በታች የሚያይባቸው ሌሊቶች በየክረምቱ አሉ። በጠዋት ለበረዶ መጥረጊያው ቦታ ልቀቅ ሲሉህ ሁለት ሜትር ማስጠጋትም መንቀሳቀስ ነው። አቆመዋለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሙቀት ያለው ጋራዥ ይኑረው።

የባለቤቱን መኪና ነገርም እንዲሁ አላለፍኩትም። አራቱም እግር መጎተቱ ለመነሳት ነው። ለመቆም ሲሆን በአራቱም እግሩ ፍሬን የማይዝ መኪና የትኛው ነው? የሁሉም ፍሬን አራት እግር ላይ ነው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ጎማው ነው። ሰው ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተተው መነሳት አቅቶት አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ተቆጣሁ መሰለኝ። «ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31፣ በአይ-70 ላይ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን፣ ለድርጅቱ ከባድ መኪና ሰንሰለት ተሸክመህ ትሄዳለህ። አንድ ቀን ረስተህ አታውቅም። ለራስህ መኪና ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ!»

«እሱማ ሕግ ነው።»

«ይኸኛውም ሕግ ነው! በዚያው መንገድ፣ በዚያው ወራት፣ ትንሽ መኪና በረዶ የሚችል ጎማ፣ ጥርሱም ከ3/16 ኢንች ያላነሰ፣ ወይም ሰንሰለት ይኑረው ይላል። አንተ በበጋ ጎማህ ሰንሰለት ሳትይዝ አይዘንሃወር ዋሻ ብትወጣ፣ ያ ደግሞ ከፍታው 3,400 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦም ይበልጣል፣ ከሕግ ውጭ ነህ።»

«ድሮ ሰው እንዴት ኖረ ታዲያ?»

«በ1934 ፊንላንዶች የመጀመሪያውን የክረምት ጎማ ሠሩ። ለማን ይመስልሃል? ለከባድ መኪና! ለትንንሹ የደረሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ነገሩ የጀመረው ከአንተው ሙያ ነው።»

ይህቺ ደስ አለችው። ስኒውን አስቀመጠ፣ ስልኩን አወጣ፣ ባለ 17 ቸርኬ ይፈልግ ጀመር። ያሸነፍኩ መስሎኝ ስለ ንፋስ መቆጣጠሪያው ነገርኩት፤ አዲሱ ቸርኬ የራሱ መለኪያ ካልተገጠመለት ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ሲበራ ይከርማል። ብርዱ ንፋሱንም ስለሚቀንሰው ክረምት ላይ ያ መብራት ጌጥ አይደለም። ዳዶውንም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ ደግመህ አጥብቀው አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ቀና አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፋብሪካው በ17 ቸርኬ የሚሸጠው መኪና ፍሬኑ ምን ዓይነት ነው?»

«መደበኛው።»

«የእኔስ?»

የእሱ ትልቁ ብሬምቦ ነው፤ ከፊት አራት ፒስተን ያለው። ፍሬኑ ላይ ያለው ካሊፐር ሲተልቅ ቸርኬው ውስጥ ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ባለ 17 ሁሉ አይገባለትም። ኢንቹ ብቻ ሳይሆን የቸርኬው ዘንጎች ወደ ውጭ የጎበጡበት ልክም ይወስናል። ይህን አውቃለሁ፤ ግን የእሱን ፍሬን ሳልጠይቅ ነበር ያን ሁሉ የተናገርኩት። እሱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይህን ይዞ ሲጠብቀኝ ነበር!

«ቅዳሜ ጎሚስታው ጋ እንሂድ» አልኩት። «አራቱን ሳትገዛ አንዱን ብቻ ከፊት አስረን በእጅ እናሽከርክረው። ካልነካ ገባ ማለት ነው።»

«ከነካስ?»

«ከነካ በ18ቱ ላይ የክረምት ጎማ ታስገባለህ። ቸርኬው ይቅር ካልክ ይቅር፤ ላስቲኩ ግን አይቀርም።»

«እሱንማ አልተስማማሁም። የተስማማሁት አንድ ቸርኬ ለመሞከር ነው።»

«በበጋው ጎማ ላይ ምን ልትል ነው ታዲያ?»

«ቅዳሜ እነግርሃለሁ» አለና ሂሳቡን ከእጄ ነጠቀኝ።